የጓሮው በር

ትናንት ቡራዩ ገበያ ዳር አንዲት ሴት የወተት ዕቃዋን በወይራ ስታጥን ቆሜ ቀረሁ፤ ጭሱ አፍንጫዬ ሲገባ ከገፈርሳ ግድብ ማዶ የነበረው ቤታችን፣ ላሞቻችንና ታላቅ እህቴ ጫልቱ አብረው መጡብኝ።

አባታችን ኦቦ ዲንቃ ማለዳ ማለዳ፣ የታክሲው ረዳት በጄሪካናቸው እያጉረመረመ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ግቢዎች ወተት ያደርሱ ነበር፤ እኔና ጫልቱም ትምህርት በሌለ ቀን እንከተላቸዋለን። ትልቁ በር የመኪና ነው፤ እኛ በጓሮ ባለችው ትንሽ በር አንዴ አንኳኩተን ሠራተኛዋ ድስት ይዛ እስክትወጣ እንቆማለን። ደጋግሞ ማንኳኳት በአባታችን ዘንድ ነውር ነበር። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይሉናል፤ እኛም ዝናብ እየደበደበን በጨዋነት እንጠብቃለን።

ጫልቱ ጎበዝ ነበረች። ስታልብ ፎርሙላ ጮክ ብላ ስለምትሸመድድ ላሟም ሳትማረው አልቀረችም እያልን እንስቅ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ መንደሩ ሁሉ መረቃት። ለምዝገባ አባታችን የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው ወሰዷት፤ እኔ ሻንጣዋን ያዝኩ። ዋናው በር ላይ ከቤት መኪና እየወረዱ፣ ከጥበቃው ጋር እየተሳሳቁ የሚያልፉ ልጆች አየን። አባታችን ትንሽ አመነቱና አጥሩን ይዘው ዞሩ። ከኋላ፣ ለወጥ ቤቱ እንጨትና አትክልት የሚገባበት በር አገኙ። አንዴ አንኳኩ። አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ጠብቁ» አለና ገባ፤ ተመልሶ አልወጣም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅን።

«ጋሪዳ፣ ደህና ነው፣ ነገ እንመለሳለን» አሉ አባታችን ታክሲ ውስጥ።

ጫልቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ቢፈልጉኝ ይጠሩኝ ነበር፣ አባ» አለች። በማግስቱ እንደ ወትሮዋ ላሞቹን አለበች። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ወደዚያ ግቢ ንቅንቅ አልል አለች። ከዚያ ወዲያ ላሟ አጠገብ ፎርሙላ ተሰምቶ አያውቅም፤ ያ ዝምታ ዛሬም ይከብደኛል።

ባለፈው መስከረም የጫልቱ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ሦስታችን ሄድን። ጫልቱ ከልማድ የተነሳ አጥሩን ይዛ ልትዞር ስትል ልጅቷ እጇን ይዛ ወደ ዋናው በር ጎተተቻት። ጥበቃው መታወቂያችንን አየት አድርጎ «እለፉ» አለን። ጫልቱ ጥቂት እንደገባች ቆመች፤ ዞር ብላ በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኸው ብቻ ነበር?» አለችኝ።

አባታችን ይህን ሳይሰሙ በመሞታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።