ለእናቴ የላክሁት የእጅ ፎቶ

ከአዲ አርቃይ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ጠየቀችኝ። «ምነው በጥድፊያ? ነገ ብትሄድ ምን ይልሃል?» የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸኋት ያን ጊዜ ነው። «ትርንጎ ሥራ በዝቶባታል፤ ፎቶ የሚያነሳላት ሰው ትፈልጋለች» አልኋት። እውነቱ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰብለ ደውላልኝ ነበር። ሰብለ ጎንደር ውስጥ ከእህቴ ከትርንጎ ጋር ጥፍር የምትሠራ ልጅ ናት። «ትርንጎ ሐኪም ቤት ተኝታለች። ለእማማ ሳትነግር ና» ነበር ያለችኝ።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁ፣ ይልቁንም «ለምን በስልክ አልነገርሃትም? ፎቶውንስ ምን ብለህ ላክህ?» እያላችሁ ለምታሙኝ ነው። እንደ እኔ ከቆላ ተነስታችሁ ከተማ ለገባችሁም ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ ጽሑፍ አልችልበትም። እየቆምሁ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

ሽንኩርት በጫነ መኪና ነው የሄድሁት። ሊማሊሞን ስንወጣ ሾፌሩ በየእጥፋቱ ያማትባል። ረዳቱ ሳቀበትና «አያ፣ አንተ መሪውን ያዝ፣ ላንተም እኔው ላማትብልህ» አለው። እኔ አልሳቅሁም። ደባርቅ አደርን። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ዘንድ በዚያ ወር ሰው ውጭ አንጥፎ ይተኛል፤ እዚያ ግን ካልሲዬን እጄ ላይ አጥልቄ ነው ያነጋሁት።

በማግስቱ ከደባርቅ ወዲህ ያለ አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። መታወቂያዬን የያዘው ጠባቂ «የት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«ጎንደር፣ እህቴ ዘንድ።»

«ምን ትሠራለች?»

«ጥፍር።»

«ጥፍር ምን?»

«ጥፍር ታሳምራለች።»

ወደ ጓደኛው ዞሮ «ሰማህ? እኛ ጥፍራችንን የምንቆርጥበት ጊዜ አጣን፣ እዚያ ያሳምሩታል!» አለና መታወቂያዬን መለሰልኝ።

እህቴ ጎንደር፣ ፀዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትሠራው። ወደ ውበት ሳሎን መሄድ ለማይችሉ ሴቶች ደግሞ በስልኳ አንድ ገጽ ከፍታ፣ ጥፍርን በቤት ውስጥ፣ ባለው ነገር እንዴት መሥራት እንደሚቻል ታስተምራለች። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሎሚ ጠብ አድርጎ እጅን መንከር። የጥፍሩን ቆዳ በእንጨት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት እንጂ አለመቁረጥ። ሞረዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሳብ፤ ወዲያ ወዲህ ከሆነ ጥፍሩ ይሰነጠቃል። ኩቴክሱን አወፍሮ አንዴ ከመቀባት አሳስቶ ሁለት ጊዜ መቀባት፤ በመሃሉ መታገሥ። «ሰው የሚያበላሸው በመሃሉ ነው» ትል ነበር።

ሐኪም ቤት ስደርስ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ጉበት ነው አሉ። እኔን ስታይ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ገጹ ነው፤ ቀናት አልፈውታል፣ ሴቶቹ «ጠፋሽ» እያሏት ነው። ስልኳን ሰጠችኝና ተኝታ ታስተምረኝ ጀመር።

«ፍላሽ እንዳትነካ። ጥፍሩን የዓሣ ቅርፊት ያስመስለዋል።»

«እሺ።»

«መስኮት ፈልግ። ፀሐዩ ቀጥ ብሎ የሚገባበትን አይደለም፤ መጋረጃ ያጣራውን። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ሌንሱንም በሸሚዝህ ጥረገው፤ የሁሉም ሰው ፎቶ የሚደበዝዘው ስልኩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ጣቱን ስላሳረፈበት ነው።»

«እሺ።»

«እሺ እሺ አትበለኝ፣ አንሳ! ደግሞ እጁን ዝም ብለህ አታጋድመው። የሚይዘው ነገር ስጠው። ሎሚም ይሁን የነጠላ ጥለት።»

የነርሷን እጅ አነሳሁ። እህቴ አይታ «ይኼ የነርስ እጅ ነው ወይስ የዝንጅብል ሥር?» አለች። ነርሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ስለ እናቴ ስጠይቃት «ስድን እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

የቀበርናት አጎታችን በሚያገለግሉበት ደብር ነው። አጎታችን መርጌታ አድማሱ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከቀብር ተመልሰን እንደተቀመጥን ስልኬ ጮኸ። እናቴ ነበረች። ላነሳው ስል መርጌታ ስልኩን ከእጄ ወስደው ዘጉት።

«ምን ልትላት ነው?»

«እውነቱን።»

«በስልክ? ስትወድቅ ስልኩ ያነሳታል? ደረቷን ስትመታ ስልኩ እጇን ይይዝላታል? የወለደች ሴት ብቻዋን ቆማ መርዶ አትሰማም ልጄ። ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ይከባታል፣ ከዚያ ይነገራል። እኔው ራሴ እወርዳለሁ።»

ሳልስቱ ሳይወጣ ግን ወደ አዲ አርቃይ የሚያወርደው መንገድ ተዘጋ።

«ታዲያ ጎረቤት ለምን አልተነገረም?» ትላላችሁ። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። አባታችን ቀድሞ አርፏል፤ እዚያ ከእኛ ወገን የቀረ የለም። መርጌታም «ለጎረቤት የነገርነው ወሬ ከመርዶው ቀድሞ ደጇ ይደርሳል። ደግሞስ ‹ማን ቀበራት? ስትሞት ምን አለች?› ስትል ማን ይመልስላታል?» አሉኝ።  ነገ ይከፈታል፣ ሰኞ ይከፈታል እየተባለ ሳምንታት ሄዱ። የአርባ ተዝካሯን እንኳ ያወጣነው እናቷ ሳታውቅ ነው።

እኔም በዚህ መካከል ሳላስበው የጎንደር ሰው ሆንሁ። በእህቴ ክፍል፣ በእህቴ ፍራሽ። ሰብለ ጥፍር ትሠራለች፣ እኔ ፎቶ አነሳና ገጹ ላይ አወጣለሁ፤ የእንጀራችን ነገር ሆኖ ገጹን መዝጋት አልቻልንም፤ ማረፏንም አልጻፍንበትም። የጤፍ እንጀራ እየበላሁ የማሽላው ይናፍቀኛል። ውኃ በወረፋ ነው። ብርዱ ደግሞ ለሥራችንም አልተመቸም፤ ጠዋት የተቀባ ኩቴክስ ቶሎ አይደርቅም። እኛ ዘንድ ሰው በራፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዝም ብለህ አታልፈውም፤ እዚህ ቆሜ የከብቱን፣ የልጁን፣ የጤናውን ስጠይቅ ሰውየው የምለምነው መስሎት ኪሱን ይደባብሳል።

አከራያችን አያ ካሳው አንድ ቀን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ቤቱን ያከራየሁት ለሴት ልጅ ነበር» አሉኝ።

«እኔ ወንድሟ ነኝ፣ አያ ካሳው።»

«ወንድሟ መሆንህን ማን ካደ? ግን እሷ ድምፅ አልነበራትም። አንተ ታለቅሳለህ።»

«ቀስ ብዬ ነው እኮ የማለቅሰው።»

«ግድግዳው ስስ ነው። አንተ ስትጀምር ባለቤቴ ትቀበልሃለች። ትናንት ወጡ አረረ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። «የዚህን ቀበሌ መታወቂያ ካወጣህ ቆይ፣ ካላወጣህ ግን ለእኔም አይበጀኝ» ብለው ሄዱ። ቀበሌ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሴትዮ ቀና ሳይሉ «መሸኛ» አሉ።

«ከየት?»

«ከነበርህበት ቀበሌ።»

«መንገዱ ተዘግቷል።»

«ሲከፈት አምጣ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ እዚህ የለህም።»

«እዚያስ አለሁ?»

«እዚያማ ወጥተሃል።» ከዚያ ጉርድ ፎቶዬን አነሱና አዩት። «ፎቶው ግን ሸጋ ነው። ማን አነሳህ?»

«ራሴ፣ በመስኮት ብርሃን።»

«ልጄ ልትመረቅ ነው፤ ታነሳልኛለህ?»

«እዚህ ሳልኖር?» አልኋቸው። ሳቁ። መታወቂያውን ግን አልሰጡኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሑድ ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውላለች። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ምን እንደምላት እያጠናሁ አድራለሁ።

«ትርንጎስ?»

«ሥራ ይዛለች እማዬ።»

«አንዴ ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ።»

«እጇን ተቀብታለች፣ ቀለሙ አልደረቀም። ስልክ መያዝ አትችልም።»

«አሁንም አልደረቀም? ባለፈው እሑድ አልደረቀም፣ ዛሬም አልደረቀም! እኛ ቤቱን ሙሉ በጭቃ ስንለስን እንኳ በሦስት ቀን ይደርቃል!»

ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰልሁ። 

አንድ እሑድ ግን አልሳቀችም። «ልጄ፣ እህትህ ተቀይማኛለች እንዴ? ምን በደልኋት? ድምፅዋን ካልሰጠችኝ ፎቶዋን እንኳ ላክልኝ፤ የዛሬውን» አለች። እናቴ ያላት ስልክ ፎቶ አይቀበልም። ጎረቤታችን መምህሯ ግን ገጹን ትከታተላለች፤ የወጣውን ሁሉ ታሳያታለች። ስለዚህ የትርንጎን የድሮ ፎቶ ብልክ ታውቀዋለች። ምንም ባልክ ደግሞ ልትታመምብኝ ነው። ድምፅዋ ታሞ ነበር።

ለሰብለ ነገርኋት። «እጅሽን አንድ ጊዜ ስጪኝ» አልኋት።

«ለምን?»

«ለእማዬ።»

ገባት። «አላደርገውም። የሞተ ሰው እጅ ልሁን? እኔ እናት የለኝም መሰለህ?»

«መንገዱ እስኪከፈት ብቻ ነው።»

ሰብለ ተነሳች። ውኃ አሞቀች፣ እጇን ነከረች፣ ጥፍሯን ሞረደች፣ ቀዩን ቀለም አሳስታ ሁለት ጊዜ ቀባች። እየቀባች ታለቅስ ነበር። እኔም እጇን መስኮቱ አጠገብ አደረግሁ፣ መጋረጃውን ሳብሁ፣ የነጠላ ጥለት አስያዝኋት፣ ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግሁ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ ያ ፎቶ ይበልጣል። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

«የትርንጎ እጅ ነው፣ የዛሬ፤ ለእማዬ አሳዪልኝ» ብዬ ለመምህሯ ላክሁላት። ማታውኑ እናቴ ደወለች። «አየሁት ልጄ! እጇ ሞልቷል፣ ወዟም ተመልሷል። የመምህሯን ስልክ ሳምሁት፣ ስሜ ስሜ መስተዋቱን አረጠብሁት። ተመስገን!» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለት እሑድ «ትርንጎን ስጠኝ» አላለችኝም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። እንቅልፍም ወሰደኝ። መርጌታ ሲሰሙ ግን «ምን አደረግህ አንተ ልጅ? ዝም ማለትና የሞተን ማስነሳት አንድ ነው?» አሉኝ። 

መንገዱ ሐሙስ ተከፈተ። መርጌታ ቅዳሜ ሊወርዱ ተዘጋጁ፤ ሦስት ዘመድ አብሮ ሊሄድ ተስማማ። እፎይ አልሁ። ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከጀርባዋ ጥሩምባ ይሰማል፣ ወያላ ይጮኻል።

«ደባርቅ ነኝ!» አለችኝ እናቴ።

«የት?»

«ደባርቅ! የመጀመሪያውን ማኪና ነው የያዝሁት። ያን እጅ ካየሁ ወዲህ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ካልዳሰስሁት አልሁ። ከሰዓት እደርሳለሁ። ለእሷ እንዳትነግር፤ ድንገት ልግባባት።»

 «እማዬ፣ መንገዱ... ደባርቅ እደሪ፣ እኔ እመጣለሁ።»

«ምነው? ደርሼማ! ሰማህ፣ የእኔንም ጥፍር ትሠራልኛለች። እጄ ሻክሯል፤ አትሳቂብኝ እላታለሁ።» ስልኩ ተቋረጠ።

ወደ መርጌታ ቤት ሮጥሁ። ሰው መሰብሰብ ተጀመረ። ድንኳን የለ፣ ንጋት የለ፤ እንዳመጣው ነው። መርጌታ ትከሻዬን ይዘው «ጥቁሩን ሸሚዝ አውልቅ። ፀዳ እንዳትወስዳት፣ ቀጥታ ወደዚህ አምጣት። እዚህ እስክትገባ ፊትህን ያዝ፤ መንገድ ላይ እንዳታውቅብህ» አሉኝ። የአጎቴ ልጅ ሸሚዝ ሰጠኝ፤ ሰማያዊ ነበር፣ እጅጌው ይረዝመኛል።

መናኸሪያ ቀድሜ ደርሼ አንድ ምሰሶ አጠገብ ቆምሁ። ከደባርቅ የመጣው መኪና ገባ። እናቴ ወረደች፤ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች። አላየችኝም። ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ በእጄ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ደርሻለሁ ልጄ። የት ነህ?»

ወጣት ሴቶች በአጠገቧ ያልፋሉ። የእያንዳንዷን ፊት አታይም። እጃቸውን ነው የምታየው።

«እዚህ ነኝ እማዬ፣ መጣሁ» አልኋት። እግሬ ግን አልተነሳም።