የማይካድ ነጥብ

ያረጁ ኮምፒውተሮችን የሚጠግነው ሰው ቀና ሲል፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከኪቦርዱ ጋር አንድ ላይ የተሠራ የድሮ ኮምፒውተር እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። የሹራባቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር ተጠግኗል፤ ጫማቸው ግን ተወልውሎ ያበራል። የቀረበላቸውን ወንበር በመሀረብ ጠረግ ጠረግ አድርገው ኮምፒውተሩን አስቀመጡበትና እሳቸው ቆሙ።

«ጌሙን የሚጭኑበትን ካሴት ትተን ሜሞሪ ካርድ እንግጠምለት፣ እናቴ» አላቸው ጠጋኙ ኮምፒውተሩን አገላብጦ አይቶ። «ጌሙ በቅጽበት ይከፈታል።»

«እኔ እንኳ አልቸኩልም፤ መጠበቅ ለምጃለሁ» አሉ ፈገግ ብለው።

«ተጨማሪ ሜሞሪ ካስገባንበት ደግሞ ነጥብ የሚመዘግበውን፣ የተሻሻለውን ጌም ይችላል። ኮምፒውተሩ ቢዘጋም ነጥብዎ ካርዱ ላይ ይቀራል።»

ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ። «ያሸነፍኩት አይጠፋም ማለት ነው?»

«በፍጹም አይጠፋም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ግጠምልኝ፣ ልጄ። ልጆች ሆነን በዚህ ስንጫወት፣ ታናሽ ወንድሜ ማታ ተሸንፎ፣ ጠዋት ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክደኝ ነበር። በኋላ በሌላ ነገር ተኳረፍንና ስንት ዘመን አለፈ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሰኞ እኔ ዘንድ ሊኖር ይመጣል።»

ጠጋኙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሁለቱንም ገጠመና «እስቲ ይሞክሩት» አላቸው። ጣቶቻቸው መጀመሪያ ዳበስ ዳበስ አደረጉ፤ ወዲያው ግን ቁልፎቹን ሳያዩ ያገኟቸው ጀመር። ጨዋታው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የአሸናፊውን ስም ጠየቀ። እሳቸው ስማቸውን ትተው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ «ታላቅህ» ብለው ጻፉ።