የማያመው ጥቁር ቁስል

በባለቤቴ በገመቹ ቀኝ ክንድ ላይ፣ ከእጅ አንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች። ትንኝ የነከሰችው መሰለን። ታሳክከዋለች፤ እሱም እንጨት እየላገ በመሐል በመሐል ያካታል። ገመቹ አናጢ ነው። ስንጥር ሲወጋው፣ ሚስማር ሲጭረው የሚውል ሰው ለአንዲት ነጥብ ብሎ ሥራ አያቆምም። እኔም ስፌቴን ጥዬ ላያት የሚገባኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ነጥቧ ውኃ ቋጠረች። ከዚያ ፈነዳች፣ መሐሏ ጎደጎደ፣ ጠቆረ። እንደ ደረቀ ደም አይደለም የጠቆረው፤ እንደ ከሰል ነው። ያምሃል ወይ ብዬ ብጠይቀው አያምም አለ። ዙሪያውን ጫን ጫን አደረግኩት፤ አያምም። እኛን ያታለለን ይኸው ነው። የሚያስፈራው የሚያም ነገር ብቻ ይመስለን ነበር። መድኃኒት ቤት ሄዶ የሆነ ነገር ነክሶኛል አለና ቅባት ይዞ መጣ።

ቅባቱን በተቀባ ማግስት ክንዱ አበጠ። መጀመሪያ እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎ እስከ ብብቱ። የሸሚዙ እጅጌ አልወጣ ስላለ በልብስ መቀሴ ቀደድኩት። በፀሐይ ተቀምጦ ብርድ ብርድ አለው፤ ግንባሩ ግን ያቃጥላል።

ታላቅ እህቱ አዴ ጫልቱ ከኛ ቀጥሎ ባለው ግቢ ነው የሚኖሩት። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ገመቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈራችን በጨለለቂ ቃላቸውን የሚያጥፍ ሰው አላውቅም። ክንዱን አይተው ክፉ ደም ነው፣ ይበጣ አሉ። ወዲያው በምላጭ የሚበጡ ሽማግሌ አስጠሩ። ሽማግሌው መጥተው ምላጫቸውን ከጨርቅ ፈቱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይነካም አልኩ። እውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ምላጩ ዝጎ ስላየሁት ነው። አዴ ጫልቱ ተቆጡኝ፤ እኔም አፌ አጭር አይደለምና መለስኩላቸው። እየተጨቃጨቅን ባጃጅ ጠርቼ ሦስታችንም ሆስፒታል ደረስን።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ጓንት አድርጋ ክንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና አተኩራ አየችው። ከዚያ ቤታችሁ እንስሳ ታረባላችሁ ወይ፣ ሰሞኑን የታመመ ወይም የሞተ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ገመቹ እህቱን አየና የለም አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለምን እንደደበቀ ግን ገብቶኛል። እውነቱን ቢናገር፣ ላሳደጉት እህቱ የታመመ ሥጋ አብልቻችኋለሁ ማለት ሊሆንበት ነው። እሱ አንገቱን ሲደፋ እኔ ተናገርኩ።

ከጥቂት ዶሮዎቻችን ሌላ ጓሮ ውስጥ አንዲት ፍየል ነበረችን፤ ጥቁር ስለሆነች ጉራቾ እንላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቀረበላትን ሣር አልነካ አለች። ተንቀጠቀጠች። እኩለ ቀን ላይ ተኛች፤ ሆዷ ተነፋ፤ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። በኛ አገር ማንም ሳያስተምረን የምናውቀው ሕግ አለ፤ ቤት ውስጥ ቢላ እያለ እንስሳ በራሱ አይሞትም። በራሱ ከሞተ በክት ነው። ጴንጤውና ኦርቶዶክሱ በብዙ ነገር ይከራከራል፤ በዚህ ላይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ገመቹ ሮጠ፣ እኔም ቢላውን አቀበልኩት። ደሟ ጥቁር ነበር፣ አልረጋም። ልብ ካላየ ዓይን አያይምና አይተን አላየንም። ገመቹ እጅጌውን ሰብስቦ ገፈፋት፤ ክንዱን በሥራ ላይ ስንጥር ጭሮት ነበር። ከሥጋው ለአዴ ጫልቱ ላክን፣ የቀረውን እኛ ቀቅለን በላን።

ይህን ስናገር አዴ ጫልቱ አጠገቤ ቆመዋል።

ሐኪሟ እንዲህ አለች፦ "አንትራክስ ይመስለኛል፤ እናንተ አባ ሰንጋ የምትሉት። ከእንስሳው ደም በጭረቱ ገብቶበታል። ቁስሉን ማንም እንዳይበጣው፣ እንዳይቆርጠው። ወደ ደሙ ሊዛመት ይችላል።"

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ፔኒሲሊን በደም ሥሩ ተጀመረለት። እብጠቱ ትከሻውን አልፎ ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሟ እስክሪብቶ አውጥታ እብጠቱ ያለቀበት ላይ መስመር አሰመረች። ወደ አንገቱ ከወጣ መተንፈሻውን ሊዘጋው ስለሚችል መስመሩን እንደምንጠብቅ ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከሥጋው የቀረ አለ ወይ አለችኝ። እኔ አላውቅም አልኩ። አዴ ጫልቱ ያውቃሉ።

"ቋንጣ አድርጌዋለሁ" አሉ በዝግታ። "ልጆቹም ቀምሰዋል።"

ልጆቹ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሐኪሟ ቋንጣው ዛሬውኑ እንዲነሳ፣ የበላም የነካም ሁሉ እንዲመጣ አዘዘች። ገመቹን ለነርሷ ትተን ወጣን። ባልን በዚያ ሁኔታ ትቶ መውጣት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቃል። ቤት ስንደርስ ቋንጣው ገመዱ ላይ ነበር። ልጆቹ ከሥሩ ይጫወታሉ። አዴ ጫልቱ በፌስታል እጃቸውን ጠቅልለው አንድ በአንድ አወረዱት። ጠዋት የተጣላኋቸውን ሴትዮ አቀፍኳቸው።

ልጆቹን ይዘን ተመለስን። መስመሩን አየሁ። እብጠቱ አልፎታል።

ነርሷ ሌላ መስመር አሰመረች። ገመቹ ድምፁ ጎርነን ብሏል። ውኃ ሲውጥ ያመዋል። የኦክስጅን ሲሊንደር አልጋው አጠገብ አቆሙ። መናገር ፈለገ፤ ዝም በል አልኩት። ፈራሁ። ጸለይኩ። ከጸሎቴ መሐል መስመሩን አያለሁ። ሁለተኛውንም ነካው። እዚያው ቆመ።

እብጠቱ ቆመ እንጂ ወዲያው አልጎደለም። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፣ የረጨው መርዝ ግን ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። እውነትም ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ክንዱ ገና ያስፈራ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ስንለካው ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ፣ መጀመሪያ አንገቱ ቅርጹን አገኘ፣ ቀጥሎ ጣቶቹ ተጣጠፉ፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ማንኪያ ራሱ ይዞ ሾርባ ጠጣና ጨው የለውም ብሎ አማረረ፤ ያን ጊዜ ባሌ እንደተመለሰልኝ አወቅኩ። ናሙናው አባ ሰንጋ መሆኑን አረጋገጠ። እኔ፣ አዴ ጫልቱና ልጆቹ የታዘዘልንን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ዋጥን፤ ከመካከላችን ማንም አልታመመም። ጥቁሩ ቅርፊት በራሱ ጊዜ ወደቀ፤ ቦታው ላይ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለ። የእንስሳት ሐኪም ግቢያችን መጥቶ ጉራቾ የታረደችበት አፈር ላይ ኖራ ነሰነሰ፣ ቋንጣውንና ቆዳውን አስቃጠለ፣ የሰፈሩንም ፍየሎች ከተባቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን ወጣት ሐኪም፣ መስመሯን ስትጠብቅ የዋለችውን ነርስም እግዚአብሔር ይባርካቸው። እናንተ ጓሯችሁ ፍየልም በግም ያላችሁ፣ ቆዳችሁ ላይ የማያምና መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካያችሁ ቅባት አትግዙ፣ አታስበጡ፤ ሆስፒታል ሂዱና ምን እንዳረዳችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እንስሳ በድንገት ከታመመባችሁ አትረዱ፣ አትግፈፉ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ማድረጉ እንዴት እንደሚከብድ ባለፈው ክረምት አይቻለሁ።

የአዴ ጫልቱ እርጉዝ ፍየል አንድ ጠዋት አልነሳ አለች። የእንስሳት ሐኪሙ ተደወለለት፤ መንገድ ላይ ነኝ አለ። ፍየሏ እያቃሰተች ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ቢላ ይዟል፣ ሌላው በክት ልታደርጓት ነው ወይ እያለ ይቆጣል። አዴ ጫልቱ በርጩማ አምጥተው በረቱ በር ላይ ተቀመጡ።

"ማሎ፣ እባካችሁ፣ ትሙት" አሉ። "ልጆቼ ይኑሩልኝ።"

ሐኪሙ ሳይደርስ ሞተች። ሲመጣ ከሆዷ ያልተወለደ ግልገል ጋር፣ ሳትከፈት በጥልቅ ጉድጓድ እንድትቀበር አደረገ። አባ ሰንጋ ይሁን ሌላ በሽታ በእርግጠኝነት አላወቅንም፤ ምናልባት ሥጋዋ ሊበላ የሚችልም ነበር። አዴ ጫልቱ አፈሩ ሲመለስ አለቀሱ። እኔ ግን ልጆቹን ቆጥሬ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።