በስልክ ቤት የከረመው ሽታ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ እኔ በስልከኛነት በማገለግልበት መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ብዙ መጽሐፍም አንብቤአለሁ። ሆኖም ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያነበብሁት ሳይሆን ያሸተትሁት ነው። አንባብያን በዚህ አነጋገሬ አይሳቁብኝ፤ እስከ መጨረሻው ቢከተሉኝ ምክንያቱን ያገኙታል።

ስልክ የምናገናኝበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥበት ክንድ ለክንድ ይነካካል። የከተማችን የክረምት ብርድ የታወቀ ስለሆነ መስኮቱ ከሰኔ እስከ መስከረም እንደ ተዘጋ ይከርማል። በጆሮ የሚጠለቀው ማዳመጫም ሁለት ብቻ ነበር። አንዱ ሊያርፍ ሲነሣ ከጆሮው አውልቆ፣ ገና እንደ ሞቀ፣ ለሚተካው ያቀብለዋል።

ሦስታችን ማለት እኔ፣ ወይዘሪት አስካለና አቶ ይርጋ ነን። አስካለ አንደበተ ስል፣ ሽቶ ወዳድ ልጅ ናት። እኔ ብዙ ስለማልስቅ «የኔታ» ብላ ትጠራኛለች። አቶ ይርጋ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጠናል፤ ነገር ግን አንተ እንድንለው ራሱ ግድ ብሎናል። ንጽሕናው የታወቀ ነበር። የሸሚዙ አንገትጌ እንደ ወረቀት የነጣ፣ ጥፍሩ የተከረከመ ሰው ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከዚህ ሰው ዘንድ ሽታ መምጣት ጀመረ።

በመጀመሪያ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ ነገርን ከሥሩ መመርመር ስለምወድ ምክንያቱን በልቤ እፈልግ ጀመር። ዝናብ የመታው በርኖሱ ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ አንድ ቀን በርኖሱን ከውጭ ሰቅሎት ገባ፣ ሽታው ግን አብሮት ገባ። ጫማው እንዳልል ካልሲው በየቀኑ የታጠበ ነው። አፉ እንዳልል መፋቂያ ከእጁ አይለይም። እጁን ሳየው ንጹሕ፣ አንገቱን ሳየው ንጹሕ። ሽታው የሚመጣው ከሸሚዙ ሥር፣ ከገላው ነበር። የሚታየውን ሁሉ አጥቦ የማይታየውን ብቻ የሚተው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህ ጥያቄ ከሽታው ይልቅ እንቅልፍ ነሣኝ።

አስካለ አንድ ቀን ይርጋ ወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረች።

«የኔታ፣ ያ የጤና አጠባበቅ መጽሐፍህ ስለዚህ ነገር ምን ይላል?»

«ላብ ሳይታጠብ በቆዳ ላይ ሲቆይ ይሸታል ይላል» አልኋት።

«እሱንማ የኔም አፍንጫ አንብቦታል!»

ከዚያ በኋላ ከይርጋ ማዳመጫውን ስትቀበል በመሐረብ እየወለወለች ታጠልቅ ጀመር። ሳምንት ሁለት ሳምንት ታግሣ ግን ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ደምሴ ገብታ፣ «ወይ እሱ ይታጠብ፣ ወይ እኔ ልልቀቅ» አለቻቸው።

አቶ ደምሴ ሐሙስ ዕለት እኔን አስጠሩኝ።

«አንተ አንባቢ ነህ፤ ቃል አታጣም። ወንድምህን ንገረው። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ወደ ሞጣ እንዲዛወር እጽፋለሁ።»

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ። በይርጋ ቤት እኅቱ ጥሩዬ አራስ ነበረች። ባሏ ከከተማው ወጣ ባለችው በሮብ ገበያ የሚኖር ገበሬ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ በወላጆቿ ቤት እንዳትወልድ ወላጆቿ ስላረፉ ወደ ወንድሟ መጣች። ባሏን የክረምት እርሻ ይዞት አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ይርጋ ከከተማው ቢነሣ አራሷ ከነሕፃኗ ባዶ ቤት ትቀራለች።

ዓርብ ከሥራ ስንወጣ አብሬው ተራመድሁ። ንግግሬን ሌሊቱን አዘጋጅቼው ነበር።

«አቶ ይርጋ፣ እርስዎን ስለ አንድ ጉዳይ ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር» አልሁት።

ቆሞ አየኝ። «ዛሬ አንቱ ሆንሁ? ምነው፣ ሰው ሞቶብሃል ልትለኝ ነው?»

ቀልዱን እንደ ተናገረ ፊቱ ተለወጠ። እኔ ግን ልብ ሳልል ንግግሬን ቀጠልሁ፤ ስለ ንጹሕ አየር፣ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስላለባቸው መተሳሰብ፣ ስለ ገላ ጤና በሰፊው አብራራሁ።

«አንት ልጅ፣ ሸተትህ በለኝና ይለቅልህ» አለኝ።

«ሸተትህ» አልሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አጭር ንግግር አድርጌ አላውቅም።

«አውቃለሁ። ና፣ ቤት ግባ።»

ቤቱ ስገባ የአራስ ገንፎ ቀረበልኝ። ጥሩዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ «ጓደኛው ነህ፤ እስቲ አንተ ምከረው» አለችኝ። «ውሃ ይሙቅልህ ስለው እምቢ። ልጄን እንኳ አይታቀፍልኝም። ምን ዓይነት ብርድ ፈሪ ሆነብኝ?»

ይርጋ ፈገግ ብሎ ገንፎውን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ደግሞስ» አለች ጥሩዬ፣ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ቤት እየዋላችሁ የአዳነን ወሬ እንዴት ታጣላችሁ? ያገሩን ሁሉ ድምፅ ትሰሙ የለም እንዴ! መውለዴን እንኳ ሰምቶ ይሆን?»

አዳነ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገው ይርጋ ነው፤ አዳነ ካደገ በኋላ ቆላ ወርዶ በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ የትራክተር መካኒክ ነበር።

«መስመሩ ተበላሽቷል አልሁሽ እኮ» አላት ይርጋ።

እኔ ወደ ሳህኑ አቀረቀርሁ። መስመሩ አንድም ቀን አልተበላሸም ነበር።

ሲሸኘኝ ከአጥሩ ውጭ ቆመን ነገረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«አዳነ ሞቷል። ወባ ነው። ጓደኛው ደውሎ ያረዳኝ በዚያው በኛ ስልክ ነው። አንተ እኮ ከጎኔ ነበርህ።»

ከጎኑ እንደ ነበርሁ አላስታወስሁም። እሺ፣ እሺ፣ ብሎ ገመዱን ነቅሎ የሚቀጥለውን ጥሪ አገናኝቶ መሆን አለበት። ያ ጥሪ የትኛው እንደ ነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ጡቷ ይደርቃል» አለኝ። «ሕፃኗ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና እስክትነሣ መርዶውን መያዝ አለብኝ። ፍትሐቱን ለሥራ ነው ብዬ ሉማሜ ሄጄ በስውር አስደረግሁ። ጥቁር ብለብስ ታውቃለች። ራሴን ብላጭ ታውቃለች። ላልቅስም ብል ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ታዲያ ያሳደግሁት ልጅ እንደ ውሻ ዝም ተብሎ ይቀበር? የቀረኝ ገላዬ ነው። እሱን ውሃ ከለከልሁት።»

ሐዘንተኛ ገላውን ሳይታጠብ እንደሚቀመጥ ያገሬ ልማድ ስለሆነ አውቃለሁ። ሐዘኑን ከነጭ ሸሚዝ ሥር ደብቆ ሥራ የሚውል ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

«አስካለን እንዳስቸገርኋት ይገባኛል» አለ። «እጄንና አንገቴን የማጥበው ለናንተ ብዬ ነው። የቀረው ግን የሱ ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ይህች ከተማ ጠባብ ናት፤ ዛሬ ለአንዱ ያልኸው ነገ ጥሩዬ ዘንድ ነው።»

ማልሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ደምሴ ፊት ቀርቤ፣ ለይርጋ እንደ ነገርሁት፣ ምክንያትም እንዳለው፣ ምክንያቱን ግን ለመግለጽ እንደማልችል አስረዳሁ።

«ገላን ላለመታጠብ ምክንያት? ውሃ እንደሆነ ሰማዩ ሁሉ እየፈሰሰ ነው! ሰኞ ብያለሁ፣ ሰኞ ነው።»

እሑድን ያሳለፍሁት ምን ብዬ እንደምሟገትለት ሳወጣና ሳወርድ ነው። መሐላዬን ሳላፈርስ የሚሠራ አንድም ክርክር አላገኘሁም።

ሰኞ አቶ ደምሴ ከበሩ ላይ ቆመው አስካለን፣ «እህሳ?» አሏት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቀርቷል» አለች። «ያን ጊዜም እኔ ነኝ ያጋነንሁት።»

ይርጋ ቀና ብሎ አያት። እኔም ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። ሽታው እንኳን ሊቀር ከዓርቡ ይብስ ነበር። አቶ ደምሴ አየሩን ሳብ አደረጉ፤ ይርጋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አስካለን አዩ። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው» ብለው በሩን ዘግተው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርመራዬ ከይርጋ ወደ አስካለ ዞረ። ከይርጋ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ራሷ ትቀመጥ ጀመር። ማዳመጫውን ከእጁ ስትቀበል መወልወሉን ተወች፤ ሽቶ መቀባቱንም ተወች። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኖ ይሆን ስል አንድ ቀን ከጎረቤት የሚቆላ ሽንብራ ሸተተኝና ሆን ብዬ ዝም አልሁ። «የኔታ፣ ሽንብራ እየቆሉ ነው፤ ሄደህ ለምንልን» አለችኝ ቀድማ። አፍንጫዋ ደኅና ነበር። ስለ ይርጋ እንዳልጠይቃት፣ «አንተስ ለምን ቻልኸው?» ብትለኝ የምመልሰው የለኝም። ሦስታችንም ክንድ ለክንድ እየተነካካን፣ ያገሩን ወሬ እያቀባበልን፣ ስለዚህ አንድ ነገር ሳንነጋገር ክረምቱ ወጣ።

መስከረም ጠባና ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። ይርጋ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ከደጀ ሰላም ቆሞ ጸለየ፤ ግብሩ ላይ ግን ጠላውን እየቀዳ እንግዳ ሲያጫውት ዋለ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አጎቱና የነፍስ አባታቸው መርዶው የሚነገርበትን ማለዳ ቈረጡ። ይርጋ ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር። ገና ሳይነጋ ጋቢዬን ደርቤ ሄድሁ። ካጥሩ አጠገብ አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ቀርቤ ሳይ አስካለ ናት።

«ማን ነገረሽ?» አልኋት በሹክሹክታ።

«ማንም» አለች። «አቶ ደምሴ ከጠየቁኝ ሰኞ በፊት በዋለው ቅዳሜ መሐረቤን ረስቼ መጣሁ። ማዳመጫውን ከጆሮው ተቀብዬ ሳልወለውል ባጠልቀው ሽታውን አወቅሁት። አባቴ የሞተ ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ የምተኛው እናቴን አቅፌ ነው። እንዲህ ነበር የምትሸተው፤ እስከ ሙት ዓመቱ።»

«ቀኑንስ?»

«ትናንት ለዛሬ ፈቃድ ሲጠይቅ ሰማሁ። ቤቱ አራስ ነበረች፤ ክርስትናውም አለፈ። ሌላ ምን ይሆናል?» ክንዴን ያዘች። «የኔታ፣ ግን ማን ነው የሞተበት?»

ማን እንደ ሞተ ሳታውቅ ነበር ለቅሶ የመጣችው።

የውስጡን ሁሉ አልተርክም። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ትንሽ ቆይቶ የጥሩዬ ጩኸት ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ከሰዓት በኋላ፣ ድምፅዋ ከሰለለ በኋላ፣ ወንድሟን ትክ ብላ ስታየው ቆየች።

«ውሃ እምቢ ያልኸኝ ለዚህ ኖሯል?» አለችው።

ይርጋ አንገቱን ደፋ።

«ሴቶች፣ ውሃ አሙቁለት» አለች። «በቃህ፣ ታጠብ፤ ልጄን ያዝልኝ። ከንግዲህ የኔ ተራ ነው።»

ዛሬም ቢሆን ሰው ገላውን መታጠብ፣ ከጎኑ ለሚሠራውም ማሰብ ይገባዋል ከሚለው እምነቴ ፈቀቅ አላልሁም። መጽሐፉም አልተሳሳተም፤ ላብ በቆዳ ላይ ሲቆይ ይሸታል። ነገር ግን በአውቶቡስም ሆነ በጉባኤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲሸተኝ እጄ ወደ አፍንጫዬ ከመሄዱ በፊት ዓይኔ ወደ አንገትጌው ይሄዳል። ነጭ ከሆነ ወንበሬን አላሸሽም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስገርመኛል። የዚያን ዕለት ለቅሶ አቶ ደምሴም መጥተው ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ሲቀመጡ ማን እንደ ሞተ ጠየቁ እንጂ እንደ ሌላው ሰው አልደነገጡም። የዝውውሩን ደብዳቤ ለምን እንዳልጻፉ ጠይቄአቸው አላውቅም። ያን ሰኞ ከበሩ ላይ ቆመው አየሩን ሳብ ሲያደርጉ ግን አይቻቸዋለሁ። እርሳቸውም አፍንጫ ነበራቸው።