አቶ አንጁሎ ያልነገሩኝ ሕመም

ሶዶ ላይ በነርስነት ሥራ የጀመርኩበት ጠዋት አሁን ሳስበው እንደ ሕልም ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ ተመላላሽ ክፍሉ ደጃፍ ወርዶ፣ ወረፋ የያዙት ሰዎች ካልቀረቡኝ ፊታቸው አይለይም ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዓለሚቱ ትሪውን አሳየችኝ፤ ጓንት፣ ካቴተር የሚባለው ሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ፣ ማለስለሻ ቅባት፣ የሽንት ከረጢት። ሐኪሙ የሌላ አገር ሰው ስለሆነ ወላይትኛ አይሰማም፤ ማስተርጎሙም የኔ ሥራ እንደሆነ ነገረችኝ። ካቴተሩን ፈራሁት። በምላሴ ግን እተማመን ነበር።

አቶ አንጁሎ ከገሱባ በኩል የመጡት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ይዟቸው የመጣው የልጃቸው ባል ነው፤ መምህር። ወረፋ ሲጠብቁ ሦስት ጊዜ ተነሥተው ወደ ባሕር ዛፉ አጥር ሄዱ። እዚያ ቆመው ይቆያሉ፣ ይቆያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በመስኮት አየኋቸው።

ገብተው ሐኪሙ ምን እንዳመማቸው ሲጠይቅ አማቻቸውን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው፣ ሆዴን ነው አሉ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ በአማቹ ፊት ከወገብ በታች ያለውን አያነሣም። እኔም ልጃቸው የምሆን ሰው፣ ስለ አጥሩ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ። ሆዳቸውን ነው ብዬ አስተረጎምኩ። አንድ ቃል አልጎደለም። የጨጓራ መድኃኒት ታዞላቸው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ተመለሱ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሽንት ጠብ አላለላቸውም፤ ከእምብርታቸው በታች ተወጥሯል። አማቻቸው ካርድ ሊያወጣ ሄዶ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ ጓንት አድርጌ፣ ካቴተሩን ቀስ ብዬ አስገባሁ። ከረጢቱ ሞላ፤ ቀየርኩት። ፊታቸው ጥቂት በጥቂት ሲፈታ አየሁ። ጉሙ በመስኮት እየገባ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ ሁለታችንም ከዓለም የራቅን መሰለኝ።

ሐኪሙ ያስረዳቸውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከብባ የተቀመጠች ዕጢ አለች፤ ፕሮስቴት ትባላለች። ወንድ ሲሸመግል ታድጋለች፣ ቧንቧውንም ታጠባለች። ሽንት ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ብዙ ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ሳይመረመር ግን አይታወቅም። እሳቸው ደግሞ ሽንቱ እንዲቀንስ ብለው ውኃ መጠጣት ትተው መኖራቸውን ነገሩኝ።

ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ልጄ። ያን ቀን አማቼን ወደ ውጭ ብትልክልኝ እነግርህ ነበር።»

አፈርኩ። የሽንቱ መታቆር ኩላሊታቸውን ጎድቶት ስለነበር የዕጢዋ ኦፕራሲዮን ሳምንታት ዘገየ። በመጨረሻ ተሠርቶላቸው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ኩላሊታቸው ግን ወደ ቀድሞው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነገረኝ። በራሴ ተናደድኩ። ሲስተር ዓለሚቱም አልማረችኝም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን ግን የደበቃችሁት ሁለታችሁ ናችሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ሽማግሌ ሲገቡ አስታማሚውን አስወጥቼ በሩን እዘጋ ነበር። ስለ ሽንታቸው መጀመሪያ የማነሣው እኔ ነበርኩ።