ከጋሽ መስፍን ጋር ያየነው ሐይቅ

ከዴንቨር ጎን፣ ሌክውድ ውስጥ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጥርስ የምናጸዳበት ቅባት ናና ናና ይሸታል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለምውል ሽታውን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን አዲስ ዓይነት መጣልንና ክዳኑን ስከፍተው፣ ናናው ከስኳር ጋር ተዋህዶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ወንበሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁኝን ሴትዮ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ነሐሴ ነበር፣ በሰሜን እንግሊዝ ከአንድ ሐይቅ ዳር በካፊያ ቆሜ የናና ስኳር እየቆረጠምኩ ነበር። ከጎኔ አባቴ አለ፤ ከአባቴ ጎን ደግሞ ጋሽ መስፍን።

ጋሽ መስፍን የአባቴ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። በስደት ካርቱም አንድ ክፍል ተጋርተው፣ አንድ ዳቦ ቤት አብረው ሠርተው፣ በመጨረሻ አንዱን እንግሊዝ አንዱን አሜሪካ ሲቀበላቸው ተለያዩ። የሚገርመው ሳይመካከሩ ሁለቱም ሾፌር ሆኑ። አባቴ ከዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ በቫን ያመላልሳል፤ ጋሽ መስፍን ደግሞ ከሊቨርፑል ቱሪስት በሚኒባስ ጭነው ወደ ሰሜን ሐይቆች ይወስዱ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዴንቨር ሞንትቤሎ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬንና ስለ ተሳፋሪ አመል አንድ ሰዓት ሙሉ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ሰው ከሚወደው ሰው ጋር የሚያወራው ይህን ይመስለኝ ነበር። ሁልጊዜ «በሚመጣው ዓመት እንገናኝ» ይባባላሉ፣ ዓመቱም ይመጣል፣ እነሱ ግን አይገናኙም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ጋሽ መስፍን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዴ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው» አሉ። «ሚኒባሷን ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል ብሎኛል። ሐይቆቹን ላሳይህ፣ እኔም ፊትህን ልየው፤ ሳይጨልምብኝ ቶሎ ና።» አባቴ፣ ለወትሮው መልስ የማያጣው ሰው፣ «እሺ፣ መስፍኔ» ብቻ ብሎ ስልኩን ዘጋና ወደ ግቢ ወጥቶ ጠዋት ያጠበውን ቫን እንደገና አጠበው።

እናቴ የሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ቀረች፤ ጾሙን ግን አብራን ላከችው። የምንሄደው በፍልሰታ ነበር፣ ፍልሰታን ደግሞ ከትንሽነቴ ጀምሮ እጾማለሁ። «እንግሊዝ ሄዳ ወተት ነካች የሚል ወሬ እንዳልሰማ» ብላ ሻንጣዬን በዳቦ ቆሎና በለውዝ ሞላችው። የአባቴን አልሞላችም፤ እሱ ጾሙን እንዳይሽር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ጋሽ መስፍን ሊቨርፑል ከሚገኘው የቀይ ጡብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። አባቴ «መስፍኔ!» ብሎ ሲጣራ ወደ ድምፁ ዞሩ፣ ተቃቀፉ፣ ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ጋሽ መስፍን የአባቴን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ዳሰሱት። የድሮ ጓደኞች ሰላም የሚባባሉት እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት። «አላረጀህም» አሉት። ስለ ዓይናቸው ሲጠይቃቸው «ትንሽ ደብዘዝ ይልብኛል እንጂ ደህና ነኝ» ብለው ወሬውን ወደ መንገዱ መለሱት።

በማግስቱ በኪራይ መኪና ወደ ሰሜን ወጣን። በክረምት በረዶ ላይ ቫኑን ተራራ ሲያስወጣ የማይደነግጠው አባቴ፣ መሪው በቀኝ መንገዱ በግራ ሲሆንበት እንደ ለማጅ አንገቱን አሰገገ። የመጀመሪያው አደባባይ ላይ መውጫው ጠፍቶበት ደጋግመን ዞርን። በአራተኛው ዙር ጋሽ መስፍን «ታዴ፣ ሦስቱ ይበቃል፤ ታቦት አይደለም ያወጣኸው» አሉና ሦስታችንም መኪናዋ እስክትንቀጠቀጥ ሳቅን።

ካርታ አልያዝንም፣ ስልክም አላየንም። ጋሽ መስፍን ከጎኑ ተቀምጠው «አሁን ቁልቁለት ይመጣል፣ ከዚያ ጠባብ ድልድይ፤ ድልድዩን ስታልፍ ቀስ በል፣ ገበሬው በጎቹን የሚያሻግረው እዚያ ነው» ይሉታል። ቁልቁለቱ ይመጣል፣ ድልድዩ ይመጣል፣ አንድ ጊዜማ በጎቹ ራሳቸው መጡ። ለዓመታት የተመላለሱበት መንገድ እጃቸውና እግራቸው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እኔ ከኋላ ሆኜ በአድናቆት አፌን ከፍቼ አዳምጣቸው ነበር።

አገሩስ ቢሆን! በኛዋ ኦሮራ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ከተማ፣ በነሐሴ ሣር ማለት የደረቀ ምንጣፍ ነው፤ ውኃ የሚጠጣበት ቀን እንኳ ተወስኖለት በተራ ይጠጣል፣ ሪዘርቯር በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ጥላ ያለው ዛፍ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ ግን ድንጋዩ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል። ተራሮቹ ከኛ ሮኪዎች ጋር ሲወዳደሩ አጫጭር ናቸው፤ ነገር ግን እንደኛዎቹ ሩቅ ቆመው አይኮሩም፣ እስከ ሰው ጓሮ ድረስ ይመጣሉ። ጭቃ ያልነካው የድንጋይ አጥር ዳገቱን ሽቅብ ወጥቶ ደመና ውስጥ ይገባል፤ በጎቹ ጀርባቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ይግጣሉ፤ ዊንደርሚር የሚባለው ረጅሙ ሐይቅ ላይ ነጫጭ ጀልባዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። የምናድርባት ትንሽ ማረፊያ ባለቤት ጠዋት እንቁላልና ሥጋ አቅርባ አባቴ በትሕትና ሲመልስባት፣ ግራ ተጋብታ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላ ይዛ ተመለሰች። የጾሙን ሰዓት ነገር «መንገደኛ ነን» ብሎ ለራሱ የፈቀደው አባቴ ባቄላውን ሲያይ «በቁርስ ባቄላ! እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት ጿሚ ናቸው» ብሎ ደስታውን አልቻለውም። ጋሽ መስፍን ደግሞ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ለጉልበት የሚበሉትን፣ ከስኳርና ከናና የሚሠራ ነጭ ጣፋጭ አገኙልኝ፤ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ የእናቴን ፈተና በሚገባ ያልፋል። ኪሴን ሞልቼ እየቆረጠምኩ ዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ጋሽ መስፍን «እዚህ ጋ ፓርክ አድርግ» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ጭጋጉ ወርዶ አባቴ መንገዱን በጭንቅ ነበር የሚያየው። ወረድን። ጋሽ መስፍን በእጃቸው የድንጋዩን አጥር ፈልገው ተደገፉና ሌላውን እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ። «ያውላችሁ! ተራራው እንዳለ ውኃው ውስጥ ተገልብጦ አይታይም? ያቺ ነጭ ቤት ደግሞ ከእግሩ ሥር።»

ለእኔ የሚታየኝ ጭጋግና ከአጥሩ ማዶ ትኩር ብላ የምታየን አንዲት እርጥብ በግ ብቻ ነበረች። አባቴ ግን «አቤት! እንዴት ያምራል! አየሁት፣ መስፍኔ፣ አየሁት!» አለ።

«ዳድ፣ ምንም የለም እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ኦል ፎግ ነው!»

አሜሪካ ያደገ ልጅ ይሉኝታ የለውም ይባላል፤ ያን ቀን አሜሪካን አላሳፈርኳትም። አባቴ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ጋሽ መስፍን የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው መለሱት። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከበሩ ላይ ጀምሮ፣ ፊት ሲዳስሱ፣ መንገድ ሲመሩ፣ ምንም አያዩም ነበር። አባቴም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቆ ዝም ብሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ አባቴ።

«ከሰኔ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብነግርህ ሐይቅ ልታይ ነበር የምትመጣው ወይስ ልታስታምመኝ?»

አባቴ ሄዶ ከጎናቸው አጥሩን ተደገፈ። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ፤ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። ጋሽ መስፍን ግን ወደ ልቅሶዬ ዞረው «ነይ እስቲ፣ ማርታዬ። ከሦስታችን የማትዋሺው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ንገሪኝ፣ ምን ይታይሻል?»

የእኔ አማርኛ የቤትና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነበር። ብዪና ጠጪ፣ ስገጂና ተነሺ እችላለሁ፤ የሚታይ ነገር መናገር ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ጭጋግ፣ በግ፣ ግድግዳ» አልኳቸው።

«ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከሆነ ካብ ነው የሚባለው። በጓስ ምን ዓይነት ነጭ ናት?»

ነጭ ዓይነት እንዳለው አላውቅም ነበር። «እንደ ቆሸሸ ነጭ» ስላቸው ሳቁና «ዳለቻ ናታ» አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸው እኔ ሆንኩ። ጭጋጉ ከቀትር በኋላ ሲገለጥ «እየተገፈፈ ነው በይ» እያሉ ቃሉን ይሰጡኛል፣ እኔ ቃሉን ከተራራው ጋር አገጣጥሜ እመልስላቸዋለሁ፤ ውኃው ላይ ብርሃን ሲያርፍ፣ ጀልባ ሲዞር፣ ዳገቱ ላይ የሰው ቀይ ጃኬት ብቅ ሲል አንድም አላስቀረሁባቸው። አባቴ ከኋላችን እየተከተለ «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» ይላል። ዛሬ በአማርኛ መጻፍ ከቻልኩ ከዚያ ካብ ሥር የጀመረ ነው፤ እንደ እሳቸው ያለ መምህር ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

የመጨረሻውን ቀን ሊቨርፑል ወደብ ላይ ዋልን። ሰፊው ወንዝ ባሕሩን ሊቀላቀል የሚጣደፍበት፣ የድሮ የጡብ መጋዘኖች ውኃው ዳር ተሰልፈው የቆሙበት፣ ከረጅሙ ሕንፃ ጫፍ ላይ ሁለት የመዳብ ወፎች ክንፋቸውን የዘረጉበት ግርማ ያለው ቦታ ነው። «ውኃው ቡናማ ነው» ስል «ደፍርሷል በይ»፤ «መርከቡ ይጮሃል» ስል «እሱን እንኳ እሰማለሁ» እያሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቴ የጀልባ ትኬት ሊቆርጥ ሄደ።

«አባትሽ ራቅ ብሏል?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ፣ ሰልፍ ላይ ነው።»

«በሩ ላይ አላረጀህም ያልኩት ዝም ብዬ ነው። አላየሁትም። ሐይቁ ሰበብ ነበር፣ የጠራሁት ፊቱን ላይ ነበር፤ ዓይኔ ሳይጠብቀኝ ቀረ። እኔ የማውቀው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። አሁን ምን መሰለ? እንደ በጓ አድርገሽ ንገሪኝ፤ ምንም አታስቀሪ።»

አባቴን አየሁት። እስከዚያ ቀን የማውቀው ከኋላ ነበር፤ የቫኑ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ማጅራቱንና በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ዓይኑን። አሁን ግን ሰልፉ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ጊዜ ነበረኝ። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል አልኳቸው። ሽበቱ ከጢሙ በግራ በኩል በዝቷል። ከቅንድቡ መሐል ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ከአንዱ ይረዝማል። ከዓይኑ ሥር አብጧል፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ይመስላል። ሲቆም ቀኝ እግሩ ላይ ያዘነብላል። ግራ ክንዱ ከቀኙ ይጠቁራል፣ በመኪናው መስኮት በኩል ፀሐይ እየመታው።

ጋሽ መስፍን በሳቅ ወደቁ። «የእኔማ ቀኙ ነበር መጥቆር የነበረበት፤ ግን እዚህ አገር ፀሐይ የት አለና!» ሳቁ ሳያልቅ እንባቸው መጣ። ሸሚዛቸውን አስተካከሉና «ቀጥዪ» አሉኝ። አባቴ ትኬቱን ይዞ ወደ እኛ ሲዞር፣ ከሩቅ ሲያየን ፊቱ እንዴት እንደበራ፣ ያንንም ነገርኳቸው። እጄን ጨብጠው «አየሁት» አሉ።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ኦሮራ ውስጥ ስምንት ወር ታሟል፤ እኔም ስምንቱን ወር ከመድኃኒት ወደ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ወደ ኢንሹራንስ ስልክ ስሮጥ፣ የሙቀት መለኪያውን፣ የማሽኑን ቁጥር፣ የክኒኑን ሰዓት ሳይ ከረምኩ። ለጋሽ መስፍን ደውዬ መርዶውን ሳረዳቸው «በመጨረሻ ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩና አጣሁት። በየቀኑ አጠገቡ ነበርኩ፣ ፊቱን ግን አላየሁትም ነበር። የነገርኳቸው እዚያው ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰውዬ ነው፤ እሳቸውም አዳምጠው «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ።

ስልኬ ውስጥ ብዙ ፎቶግራፉ አለ። ሐይቆቹም የትም አልሄዱም፣ ቢያሻኝ በሚመጣው ነሐሴ ሄጄ አያቸዋለሁ። አባቴን ግን በሙሉ ዓይኔ ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ስለጠየቀኝ።