ረቢአ ያልጠራችው ስም

ረቢአ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠያቂ ናት። ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ሰሌን እየሠራች ትሸጣለች። ገዢ ሲመጣ ከየት እንደመጣ፣ ሰሌኑን ለምን እንደፈለገው፣ ስንት ልጅ እንዳለው ሳትሰማ ዋጋ አትናገርም። የባጃጅ ሾፌሮቹ «መርማሪዋ» ይሏታል፤ እሷም አይከፋትም። የሰው ነገር ካልተጠየቀ ቀኑ በምን ይመሻል?

ከጠየቀቻቸው ሰዎች ሁሉ ግን እንደ ሚስተር ዊትኮም ያስገረማት የለም። ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፤ ባገሩ የምክር ቤት አባል ነበረ፣ በኋላ የታሪክ ጸሐፊ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ወደ ጨፋ ሮቢት የመጣው የሰባ ሰባቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን ሊያነጋግር ነበር። ረቢአና ባሏ ኑርሁሴን ያኔ የሚኖሩት እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣው አስተርጓሚ በሯ ላይ ቆሞ ጉዳዩን ሲያስረዳት፣ ረቢአ ወዲያው ውል አበጀች።

«አንድ ሲጠይቁኝ አንድ እጠይቃለሁ። ይህን ካልወደዱ መንገዱ ያውና።»

እንግሊዛዊው ከት ብሎ ሳቀና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ተመላለሰ።

ለዚህ ነው ረቢአ የሰውዬውን ሕይወት እንደ ጎረቤቷ ሕይወት የምታውቀው። አባቱ ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጫማ ሰፊ ነበር። ልጁ ተምሮ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ምክር ቤት ገባ። ለመመረጥ በየቤቱ እየዞረ በር አንኳኳ።

«እንደ ደረሳ?» አለች ረቢአ።

አስተርጓሚው ደረሳ ማለት ቁርአን እየቀራ ምግቡን በየደጁ የሚለምን ተማሪ መሆኑን ሲያስረዳው፣ ዊትኮም «አዎ፣ ልክ እንደሱ! ውሻም ነክሶኛል» አለ። አራት ጊዜ ተመርጧል፤ አንድ ሰሞን የአገሩ መንገዶች ኃላፊም ሆኖ ነበር። ደጁ ላይ ግን ዘበኛ አልነበረም። ድንቹንም ራሱ ነበር ገዝቶ የሚገባው።

«ታዲያ ሹመቱ ምኑ ላይ ነው?» አለችው።

ዊትኮም እሱም ፈልጎ እንዳጣው ነገራት። ረቢአ በሳቅ ሞተች።

በሦስተኛው ቀን ግን ለምን እንደተወው ስትጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። አንድ ቀን ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ አንድ ድልድይ ሠሪ ጉቦኛ ነው ብሎ ተናገረ። ነገሩን የሰማው ከወዳጁ ነበር፤ ወዳጁም ከሌላ ሰው። ኋላ ሲጣራ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ድልድይ ሠሪው ሥራው ተዘግቶ፣ ልጁም ትምህርቷን አቋርጣ ነበር። ዊትኮም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሕዝቡ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ፊቱን አዞረበት። እሱም አልተቀየመም። ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ያየ ሰው በራሱ አፍ ያልነገረውን ነገር ላይጽፍ ማለ። በዚህ ምክንያት ነው በሰባ ሰባት የሆነውን ለመጻፍ ጨፋ ድረስ የመጣው።

«ሐቀኛ ኖት» አለችው ረቢአ፤ ያየችውንም ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው።

በሰባ ሰባት ረቢአ ገና ሙሽራ ነበረች። ባሏ ኑርሁሴን አሰብ ወደብ ተሸካሚ ሆኖ ሄዷል። ቤቱን የያዘው አማቷ ነበር፤ የእህል ነጋዴ። ከደጋውም ከቆላውም የተራበ ሰው በመንገዱ ሲጎርፍ፣ አማቷ ማሽላ የቀበረባቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ከፍቶ በየጠዋቱ ንፍሮ ማደል ጀመረ። ሁለቱ ጉድጓዶች አለቁ። ሦስተኛው የዘር እህል ነበር። ዘመዶቹ ጮኹ፣ አኮረፉት። እሱ ግን አንድ ማለዳ አፈሩን ጠረገና ክዳኑን አነሣ። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ስለነበር የቤቱ ቀጭን ረቢአ በገመድ ታስራ ገባች። ንፍሮ ጠባቂው ገና ስላልመጣ ሌላ ሰው በአካባቢው አልነበረም። እየዛቀች ስታቀብል የታመቀው አየር አፈናት፤ ወደቀች። አማቷ ብቻውን ጎትቶ አወጣት፤ መዳፉ በገመዱ ተልጦ ደም በደም ሆኖ ነበር። ያ የዘር እህል ሰውን እስከ እሸት አደረሰ።

ይህን ሁሉ ስትናገር አማቷን የጠራችው «ጥላዬ» እያለች ነው። ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ ለባሏ ዘመዶች የራሷን ስም ታወጣላቸዋለች፤ እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም መጥራት ነውር ነው። ረቢአም ለአማቷ ያወጣችለት ስም ጥላዬ ነበር። እውነተኛ ስሙ ዘይኑ ነው፤ እኔ ልንገራችሁ እንጂ ከእሷ አፍስ አትሰሙትም። ዘይኑ የሚባል የጎረቤት ልጅ እንኳ ለእሷ በእናቱ ስም «የዓፊያ ልጅ» ነው። ጥላዬ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዓለም ይኖራል ብላ ለአፍታም አላሰበችም። አስተርጓሚውም የከተማ ልጅ ነውና ልማዱን ሳያውቅ የሰማውን ተረጎመ።

መጽሐፉ እንግሊዝ አገር ታተመ፤ ከሚሴ ግን የደረሰ ቅጂ አልነበረም። ዘንድሮ ደሴ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጇ ፊርደውስ በስልኳ አገኘችውና ለአያቶቿ እየተረጎመች አነበበችላቸው። ኑርሁሴን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ጥላዬ የተባለ ነጋዴ» አለች ፊርደውስ፣ «ሠራተኛውን ረቢአን ጉድጓድ አስገብቶ...»

ረቢአ «ሠራተኛው?» ብላ ልትስቅ ስትል ኑርሁሴንን አየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«የአባቴ ስምስ?» አለ።

ፊርደውስ ገጹን ፈለገች፤ የትም የለም። ዘይኑ የሚል አልተጻፈም። የሰውየውን ስም ያስቀረችው ራሷ ረቢአ፣ በገዛ አክብሮቷ ነው።

ፊርደውስ ለእንግሊዛዊው ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ዊትኮም ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ታሟል። መጽሐፉ ታርሞ ለመጨረሻ ጊዜ ማተሚያ ቤት የሚገባው ዓርብ ነው። ረቢአን አልረሳትም፤ ስሙን ግን በቦታው ባልነበረ ሰው ደብዳቤ አይለውጥም። ጉድጓዱ ውስጥ የገባችው ሴት ሐሙስ ከአስር ሰዓት በኋላ በስልክ ትንገረኝ ይላል።

«ተናገሪያት» አለ ኑርሁሴን። «አንድ ቃል እኮ ናት።»

«ቀላል መሰለችህ? በምን አፌ? እሳቸው እኮ ከሞት ያወጡኝ ሰው ናቸው!»

«እኔ ልጁ ፈቅጄልሻለሁ።»

«አንተማ ልጅ ነህ። ምራት እኔ ነኝ።»

ሐሙስ አስር ሰዓት ሆነ። ፊርደውስ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ ደወለች። ዊትኮም የስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለ፤ ከስቷል፣ አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ።

«አካም ጅርቱ!» አለ፤ የኦሮምኛዋን ሰላምታ አልረሳም።

ረቢአ ደስ ብሏት ስለ ሕመሙ፣ ስለ ልጆቹ፣ ማን ድንች እንደሚገዛለት ልትጠይቀው ነበር። እሱ ግን እያሳለ ፈጠን አለ። ፊርደውስ ተረጎመች።

«ገመዱን የጎተተው ሰው ምንሽ ነው?»

«የባሌ አባት ናቸው። አማቴ።»

«ስሙ?»

«የኑርሁሴን አባት።»

ዊትኮም ጠበቀ። ረቢአ «ጥላዬ» አለች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ፊርደውስ ልትናገርላት አፏን ስትከፍት ዊትኮም እጁን አነሣ፤ ከእሷ እንጂ ማለቱ ነው። ረቢአ ወደ አልጋው ዞረች። ኑርሁሴን ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሲለምናት አይታው አታውቅም።

ሻሿን በአፏ ላይ ሳበችና «ዘይኑ» አለች።

ድምጿ ከሻሹ አላለፈም። ዊትኮም ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋና አልሰማሁም አለ። ረቢአ ሻሿን አወረደች።

«ዘይኑ! ዘይኑ ይባላሉ። አላህ ይዘንላቸው።»

እንግሊዛዊው ጻፈ። የጻፈውን መልሶ አነበበላት፤ «ዘይኑ፣ የረቢአ አማት» ይላል። አመስግኗት፣ እያሳለ ተሰናበተ፤ ስልኩ ተዘጋ። ረቢአ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐፍረት ይሁን እፎይታ ለራሷም አልገባትም።

«ድገሚው» አለ ኑርሁሴን ከአልጋው።

«ሰውዬው ሰማ፣ ጻፈው አይደል እንዴ! አሁን ደግሞ ለማን?»

«ለኔ» አለ።